አፍ ያሳጠረውን ጆሮ ሲያጸድቀው፦ የአማርኛን ድምፆች ቤታቹ ቁጭ ብላቹ እንዴት ትመረምራላቹ

የእህቴ ልጅ ተወልዳ ያደገችው አሜሪካ ነው፣ ክረምት ላይ መጥታ "ኮሎ አለ?" ስትለኝ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር፣ ቆሎ ማለቷ ነው። እኔም እንደ ጎበዝ አስተማሪ "ቆሎ በይ" አልኳት፣ "ኮሎ" አለች። "ኮሎ አይደለም፣ ቆሎ።" "ያው እኮ ነው ያልኩት አጎቴ፣ ኮሎ!" ብላ ተናደደችብኝ። ልጅቷ አልዋሸችም፣ እሷ ጆሮ ውስጥ ሁለቱ አንድ ድምፅ ናቸው፣ እኔ ደግሞ ሺ ጊዜ ብደግምላት ያልሰማችውን ነገር ከየት አምጥታ ትበለው።

የሰራው ነገር ምን መሰላቹ? "ውሃ ውስጥ እንደገባሽ ትንፋሽሽን ጥርቅም አድርገሽ ያዢ፣ ከዛ ትንፋሹን ሳትለቂ ክ በይ" አልኳት። ፊቷ ቀላ፣ አይኗ ፈጠጠ፣ ከዛ ጉሮሮዋ ውስጥ ጠቅ የሚል ነገር ወጣ፣ ቅ! ራሷ ደነገጠች። አመሻሹ ላይ እኔ "ኮሎ" እና "ቆሎ" እያቀያየርኩ ስላት በአብዛኛው መለየት ጀመረች። አፏ ሲያውቀው ጆሮዋም አወቀው ማለት ነው።

ቋንቋ ውስጥ ያሉ የድምፅ ህጎች፣ ትምህርት ቤት "በቃ እንዲህ ነው" እየተባልን ያለፍናቸው፣ አብዛኞቹ እዚህ አፍና ጆሮ መሃል ነው የተፈጠሩት። አፍ ያሳጥራል፣ ያድጣል፣ ጆሮ ደግሞ የሰማውን በራሱ ይተረጉማል፣ የሚቀጥለው ትውልድ የተተረጎመውን እንደ ህግ ይወርሳል። ይሄን ለማየት ላብራቶሪ አያስፈልግም። አንድ ቁራጭ ሶፍት፣ መስታወት፣ ድምፅ የሚቀዳ ስልክ፣ እና የማይሰለች አንድ ሰው በቂ ነው (የመጨረሻው ነው የሚቸግረው)።

በሶፍቱ ጀምሩ

ሶፍቱን በስሱ ቅደዱና ከንፈራቹ ፊት ለፊት አንጠልጥላቹ "ፓ"፣ "ባ"፣ "ጳ" በሉ። በ"ፓ" ሶፍቱ ይርገበገባል፣ በ"ባ" ብዙም ግድ አይሰጠውም፣ በ"ጳ" ጠቅ ብሎ ወዲያው ይቆማል፣ ተከትሎት የሚመጣ ትንፋሽ የለም። አሁን ሶፍቱን ተዉትና ጣታቹን ማንቁርታቹ ላይ አድርጋቹ "ካ ካ ካ" ከዛ "ቃ ቃ ቃ" በሉ። በ"ቃ" ማንቁርት ወደ ላይ ዘለል ሲል በጣታቹ ይሰማቹሃል። ነገሩ እንደ ብስክሌት መንፊያ ነው፣ ከታች ጉሮሮ ተዘግቷል፣ ከላይ ምላስ ዘግቷል፣ መሃል የታፈነው አየር ማንቁርት ሲገፋው ይጨመቃል፣ ምላስ ሲለቅ ይፈነዳል። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ ሁሉም በዚህ ዘዴ ነው የሚሰሩት።

እዚህ ጋ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፣ ቀ በየሁለተኛው ቃላችን ውስጥ እያለ ጰ የት ጠፋ? ቁጭ በሉና ጰ ያለበት ቃል ፈልጉ፣ ጳጳስ፣ ጴጥሮስ፣ ጳውሎስ፣ ጠረጴዛ፣ ኢትዮጵያ... ሁሉም በግሪክ በኩል የገቡ ናቸው። የራሳችን የምንለው ቃል ውስጥ ጰ ማግኘት ጭድ ውስጥ መርፌ መፈለግ ነው። ምክንያቱ ክፍሉ ስፋት ላይ ነው። ቅ ስትሉ አየሩ የሚታፈነው ከምላስ ጀርባ እስከ ጉሮሮ ያለችው ጠባብ ቦታ ውስጥ ስለሆነ ማንቁርት ትንሽ ከፍ ካለች ይበቃል፣ በደንብ ይጨመቃል። ጵ ላይ ግን አፍ በሙሉ እስከ ከንፈር ድረስ ክፍት አዳራሽ ነው፣ በዛችው ትንሽ ግፊት አዳራሹን መጭመቅ ይከብዳል፣ ፍንዳታው ይደክማል፣ የደከመ ፍንዳታ ደግሞ ጆሮ ላይ ከሌላው ጋ ይምታታል። ሌሎች ይሄ ዘዴ ያላቸው ቋንቋዎችም ላይ ተመሳሳይ ነገር ነው ያለው፣ የጎደለ ነገር ካለ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የከንፈሩ ነው።

(በ2013 እ.ኤ.አ. ኬሌብ ኤቨረት የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እነዚህ ድምፆች ከፍታ ቦታ ላይ በሚነገሩ ቋንቋዎች ይበዛሉ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ መጭመቁ ይቀላል ብሎ ጽፎ ነበር። ለኛ ደጋ ለምንኖረው ደስ የሚል ወሬ ነው፣ ግን ብዙ የቋንቋ ባለሙያዎች አልተቀበሉትም፣ እኔም ካርታ ላይ ሁለት ነገር ስለተገጣጠመ ብቻ አንዱ ሌላውን ወለደ ማለት አይዋጥልኝም።)

ጢሞቴዎስን ጮክ ብላቹ አንብቡ

ይሄ እኔ በጣም የምወደው ነው። ጢሞቴዎስ በግሪክኛ ሁለት ዓይነት ት አለው፣ የመጀመሪያው ደረቅ፣ ትንፋሽ የሌለው ት፣ ሁለተኛው ትንፋሽ የበዛበት፣ ቴታ የሚሉት። ግዕዙ ላይ ምን ሆኑ? ደረቁ ጢ ሆነ፣ ትንፋሻሙ ቴ ሆነ። አሁን ሌሎቹን ደርድሩ፣ ጴጥሮስ ላይ ደረቁ ፕ ጴ፣ ደረቁ ት ጥ። ማርቆስና ሉቃስ ላይ ደረቁ ክ ቅ። ቶማስና ማቴዎስ ላይ ቴታዋ ት። ፊልጶስ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ቃል ይዟል፣ ትንፋሻሙ ፊ ሆኖ ደረቁ ጶ። ኤጲስ ቆጶስማ ከነሙሉ ቤተሰቡ ነው።

ግሪኮቹ እንደኛ ጉሮሮ ዘግተው የሚያፈነዱት ድምፅ አልነበራቸውም። ታዲያ ጥና ቅን ማን አመጣው? ጆሮ ነዋ። ከ4ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ አክሱም ውስጥ ግሪክኛውን ሲሰማ የነበረው ሰው ለራሱ ት የሚያውቀው ትንፋሽ ያለበትን ነው (ሶፍቱን አስታውሱ)፣ ትንፋሽ የሌለው ደረቅ ት ሲሰማ "ይሄ ከኔ ት ይልቅ ለጥ ይቀርባል" አለና እዛ መደበው። የሀገራችን ስም ላይ ያለችው ጵ ያው የዛ ጆሮ ፍርድ ናት። ደግሞ ልብ ብላቹ ስሙ፣ ዛሬ ሰው በፍጥነት ሲያወራ ግማሹ ኢትዮፒያ ነው የሚለው፣ ያ ደካማ ፍንዳታ ያልኳቹ ነገር እየሰራ ነው።

ክርስቶስ ላይ ግን ቶ ነው እንጂ ጦ አይደለም፣ ጰንጠቆስጤ ላይ ደግሞ እዛው ስ አጠገብ ጤ ሆኗል። ስለዚህ ህጉ እንደ ካልኩሌተር አይሰራም። እንደውም ስትመረምሩ የማይገጥመውን ቃል አትደብቁት፣ ደብተራቹ ላይ በቀይ ጻፉት።

አፍንጫቹን ያዙ፣ ወንበር በሉ

"ወንበር" የሚለውን ተራ ወሬ ውስጥ አስገቡና መስታወት ፊት ሆናቹ በሉት፣ "ወንበሩን አምጣው።" ከንፈራቹ ገና ን ላይ እያላቹ ተገጥሟል። ወምበር ነው ያላችሁት። አንበሳ አምበሳ ነው፣ ዘንባባ ዘምባባ ነው። አሁን "እንግዳ" በሉና ን ላይ ስትደርሱ ቆም በሉ፣ የምላሳቹ ጫፍ ጥርስ አካባቢ ነው ያለው? አይደለም፣ ስራውን የያዘው የምላስ ጀርባ ነው፣ ለግ ቀድሞ ተሰልፏል። "ከንፈር" የሚለው ቃል ላይ ደግሞ ን ስትሉ የላይ ጥርሳቹ ታችኛው ከንፈራቹን ነክቶ ታገኙታላቹ። አንድ ን ብለን የምንጽፈው ነገር አፍ ውስጥ ቢያንስ አራት ቦታ ነው የሚሰራው፣ አንድ የሚያደርገው አፍንጫ ብቻ ነው፣ ካላመናቹ አፍንጫቹን ይዛቹ ሞክሩት።

እሺ ይሄ የአፍ ስንፍና ነው እንበል። ግን ስንፍና ብቻ ከሆነ ለምን ሁሉም ድምፅ እንዲህ አይሆንም? "እንብላ" በሉ፣ እምብላ ይሆናል። "አትብላ" በሉ። አፕብላ የሚል ሰው ሰምታቹ ታውቃላቹ? ያው አፍ ነው፣ ያው ብ ነው የሚከተለው፣ ግን ት ቦታውን ይዞ ይቆያል። እዚህ ጋ ነው ጆሮ የሚገባው። ስልክ ላይ ስማቹን ፊደል በፊደል ስታስመዘግቡ "ም ነው ን? ም እንደ ሙዝ?" ተብላቹ አታውቁም? ንና ም በአፍንጫ ስለሚወጡ ድምፃቸው ተቀራራቢ ነው፣ የት ቦታ እንደተሰሩ ጆሮ በደንብ አይለይም። አፍ እንግዲህ የሚያሳጥረው ማንም የማያይበት ቦታ ላይ ነው፣ ን ወደ ም ቢንሸራተት ማንም አይጠይቀውም፣ ት ወደ ፕ ቢንሸራተት ግን ይያዛል።

ሰፈር ውስጥ ብልጥ አይጠፋምና አንዱ "ታዲያ ይበላል (ምግቡ) ላይ ያለው ት የት ገባ፣ ግዕዙ ይትበላዕ ይል የለ?" ሊለኝ ይችላል። ልክ ነው፣ የዛኛው ት ሙልጭ ብሎ ሄዶ የቀረው መጥበቅ ብቻ ነው፣ እሱ ግን ዛሬ የግስ እርባታ ህግ ነው የሆነው፣ ራሱን የቻለ ጽሁፍ ይፈልጋል።

ከፋች እና ፈላጊ

ደብተር አውጡና ለወንድ የምታዙትን በአንድ በኩል፣ ለሴት የምታዙትን በሌላ በኩል ጻፉ። ክፈት፣ ክፈቺ። ውሰድ፣ ውሰጂ። ለምን፣ ለምኚ። ምረጥ፣ ምረጪ። ያዝ፣ ያዢ። ቅመስ፣ ቅመሺ። ግደል፣ ግደዪ። ከዛ ሌላ ዓምድ ጨምሩ፣ ስበር፣ ስበሪ። ጻፍ፣ ጻፊ። ቅረብ፣ ቅረቢ። ቁም፣ ቁሚ። ፈልግ፣ ፈልጊ። ጠብቅ፣ ጠብቂ። የመጀመሪያዎቹ ተለወጡ፣ የሁለተኛዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ለምን?

አፋቹን ጠይቁት። "ኢ" በሉና ምላሳቹ የት እንዳለ አስተውሉ፣ መሃሉ ወደ ላንቃ ተነስቷል። አሁን "ት" በሉ፣ ጫፉ ጥርስ ጋ ነው። "ቲ" ለማለት ምላስ ጫፉ ከጥርስ ሳይላቀቅ መሃሉ መነሳት ይጀምራል፣ ያን ጊዜ የሚወጣው አየር በጠባቡ ላንቃ ሲያልፍ ሽ ሽ የሚል ነገር ይጨምራል፣ ት ሲደመር ሽ ማለት ደግሞ ች ነው በቃ። ብ፣ ፍ፣ ም የከንፈር ስራ ስለሆኑ ምላስ ላይ ምን ቢካሄድ ግድ የላቸውም። ር ደግሞ የምላስ ጫፍ ላላ ብሎ እንዲርገበገብ ይፈልጋል፣ ምላስ ወደ ላንቃ ከተለጠጠ መርገብገቡ ይከብዳል፣ ስለዚህ አይነካካም። "ግ" እና "ቅ" አማርኛ ላይ አምልጠዋል፣ ቸሃ ጉራጌ ላይ ግን እነሱም ወደ ላንቃ ይሳባሉ፣ የቸሃ ተናጋሪ ጓደኛ ካላቹ ለሴት ልጅ ትዕዛዝ ሲሰጥ ስሙት። ላቲን ላይም "ኪ" የነበረው ጣልያንኛ ላይ "ቺ" ሆኗል፣ ሰው "ኪ" ተብሎለት "ቺ" ብሎ እንደሚሰማ ጫጫታ ውስጥ በተሰራ ሙከራም ታይቷል፣ በተቃራኒው ግን ያን ያህል አይሳሳትም።

አሁን ዋናው ነገር። ይሄንኑ ዓምድ ይዛቹ የሰሪውን ስም ጻፉ። ከፋች፣ ወሳጅ፣ ለማኝ፣ መራጭ፣ ቀማሽ፣ ገዳይ። እና በሌላ በኩል ሰባሪ፣ ጻፊ፣ ቀራቢ፣ ቋሚ፣ ፈላጊ፣ ጠባቂ። አያቹት? ኢ ሳትጠፋ የቆየችው የት የት ነው? ፊቱ ያለውን ድምፅ መለወጥ ያልቻለችበት ቦታ ላይ ብቻ! ከፋች ላይ ኢ አሻራዋን ት ላይ ጥላ ች ካደረገችው በኋላ እሷ ብትጠፋም ሰሚው አይጎድልበትም፣ ች ብቻዋን "ሰሪ ነው" ብላ ትናገራለች። ፈላጊ ላይ ኢ ብትጠፋ ግን "ፈላግ" ይቀራል፣ ምልክቱ በሙሉ ይጠፋል፣ ስለዚህ መቆየት አለባት። ሌባው ሸሽቶ ዱካው የቀረ ማለት ነው። (ገዥና ገዢ ብለን ሁለት ዓይነት የምንጽፈው እኮ በዚሁ ግማሽ መንገድ ላይ ስለሆነ ነው፣ አርታኢ ጋ መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው። ክፈቺ የሚለውንም ቴሌግራም ላይ ስንቱ ነው "ክፈች" ብሎ የሚልከው።)

ጆን ኦሃላ የሚባል በርክሌይ ያስተምር የነበረ የድምፅ ሊቅ፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ነው ያረፈው፣ ዕድሜ ልኩን ሲከራከር የኖረው ይሄን ነው፣ የድምፅ ለውጥ ሁሌ ተናጋሪው ስለሰነፈ ብቻ አይመጣም፣ ሰሚው ስለተሳሳተ ነው። ጤነኛ ሰሚ "ቲ ሊል ፈልጎ ነው ምላሱ የተንሸራተተው" ብሎ በልቡ ያርማል። አንድ ቀን ግን አንድ ህጻን ሳያርም ይቀራል፣ "ቺ ነው ያለው" ብሎ ይወስዳል፣ እሱ ሲናገር ደግሞ አውቆ ቺ ይላል። ከዛ በኋላ ስህተት መሆኑ ቀርቶ ቋንቋ ይሆናል።

ሀ ለምን ሃ ሆነ

የኔታ ጋ ፊደል ስቆጥር "ለ" እና "ላ" የተለያዩ ሆነው "ሀ" እና "ሃ" ለምን አንድ ሆኑ ብዬ ጠይቄ ኩርኩም ነው ያተረፍኩት። መልሱ ጉሮሮ ውስጥ ነው ያለው። ትግርኛ ወይ ዓረብኛ የሚችል ሰው ፈልጉና "ዓ" እና "ሓ" ቀስ አድርጎ ይበልላቹ፣ እጃቹን ከአገጩ በታች አንገቱ ላይ አድርጉ (አስፈቅዳቹ)። የምላስ ስር ወደ ኋላ ተስቦ ጉሮሮን ያጠበዋል። ምላስ እንዲህ ሆኖ "ኧ" ማለት አይመችም፣ አናባቢው ወደ "አ" ይሳባል። ስለዚህ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ አ፣ ዐ ሁሉም በመጀመሪያው ረድፍ እንደ ራብዕ ተነበቡ። አማርኛ ከዛ የጉሮሮዎቹን ድምፆች ጣላቸው፣ የሳቡት አናባቢ ግን ቀረ። ግዕዝና ትግርኛ ሰምዐ፣ በልዐ ሲሉ እኛ ሰማ፣ በላ እንላለን። ሰበረ ኧ ላይ ሲያልቅ ሰማ ለምን አ ላይ ያልቃል ለሚል ልጅ መልሱ ይሄ ነው፣ ያ "ማ" የዓይኑ (የፊደሏ የዐ) መቃብር ነው። ኀደረ አደረ ሆነ፣ ሐመድ አመድ ሆነ። ያው የከፋች ታሪክ ነው እንግዲህ፣ ሌባው ሸሸ ዱካው ቀረ።

ማረጋገጫ ከፈለጋቹ ኸን እዩዋት። እሷ ብቻ "ሃ" ሳትሆን "ኸ" ተብላ ትነበባለች፣ ለምን ቢባል የጉሮሮ ልጅ አይደለችም፣ የከ ልጅ ናት፣ ፊደሏም ከ ላይ ሰረዝ ተደርጎባት ነው የተሰራችው።

ከ እንዴት ኸ እንደምትሆን ደግሞ በራሳቹ ወሬ ላይ አለ። ሄድክ፣ ሰበርክ፣ ነበርክ ትላላቹ፣ ግን መጣህ፣ በላህ፣ ሰማህ። ሄድኩ ግን መጣሁ። ግዕዙ ሁሉም ቦታ ከ ነበር። ከአናባቢ በኋላ ምላስ ገና ታች ስለሆነ ላንቃ ድረስ ሄዶ ግጥም አድርጎ ለመዝጋት ጊዜ ያጥረዋል፣ ሳይነካ ይመለሳል፣ አየር በክፍተቱ ያልፋል፣ ያ ነው ኸ፣ ኸ ደግሞ ሲደክም ህ ነው። ጎጃምና ጎንደር ሄድሁም ይላሉ፣ እዛ ህ ሰፍታለች። አዲስ አበባ ላይ በተቃራኒው ልጆቹ "እንዴት ነክ" እያሉ ክን ወደማትገባበት እየመለሷት ነው፣ ይሄ የአፍም የጆሮም አይደለም፣ ሁሉንም አንድ ዓይነት የማድረግ ፍላጎት ነው። ትልልቅ ሰዎችን ያቃጥላል፣ እኔን ደብተር ያስወጣኛል።

ፈረንጅ ቃል እንደ መስታወት ይታይ

ስሙኝማ፣ ከውጪ የመጣ ቃል የራሳችን ጆሮ ምን እንደሚል የሚያሳይ መስታወት ነው። ስፖርት፣ ስታዲየም፣ ስክሪን የሚሉትን ለእናታቹ ስጧቸው፣ እስፖርት፣ እስታዲየም፣ እስክሪን ብለው ይመልሱላችኋል፣ አናባቢ ከፊት። ፕላስቲክ፣ ትራፊክ፣ ክላስ ስጧቸው፣ አሁን አናባቢዋ መሃል ትገባለች፣ ፕ እና ላ መሃል ትንሽ እ አለች፣ ቀድታቹ ቀስ አድርጋቹ ብታጫውቱት ቁልጭ ብላ ትሰማለች። እፕላስቲክ የሚል አላጋጠመኝም። ካይሮም ያው ነው፣ ቢላስቲክ ይላሉ በአንድ በኩል፣ ከስ የሚጀምረውን ደግሞ በኢ ይጀምሩታል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው፣ ፕ ሲለቅ ወደ ል የሚያልፈው ድምፅ ራሱ አናባቢ ይመስላል፣ እዛ ላይ እ ብትጨምሩ ጆሮ ልዩነቱን አያስተውልም። ስ ግን ፉጨት ነው፣ ከሱ ቀጥሎ ፕ ሲዘጋ ዝምታ ነው፣ እዛ መሃል አናባቢ ብትከቱ ይጮሃል። ስለዚህ ከውጪ በር ላይ ታስቀምጧታላቹ። ሰው ቃል ሲጠግን የማይታይበት ቦታ ነው የሚጥፈው፣ ጎበዝ ልብስ ሰፊ እንደሚያደርገው። ጆሮ ደግሞ አንዳንዴ የሌለውንም ይሰማል፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ጃፓኖች "ኤብዞ" ተብሎላቸው "ኤቡዞ" ሰምተናል ብለዋል፣ መሃል ላይ ምንም አናባቢ ሳይኖር።

ዓረብ ሀገር የሰራ ሰው ካለ ሌላ ደግሞ ያውቃል፣ ፖሊስ ቦሊስ ነው፣ ፓኪስታን ባኪስታን። መደበኛው ዓረብኛ ፕ የለውም፣ ድሮ የነበረው ፍ ሆኗል፣ የኛም እንደዛው። እስራኤል ያላቹ ደግሞ በዕብራይስጥ ፕሪ ማለት ፍሬ፣ ፔ ማለት አፍ መሆኑን ስትሰሙ ፕዋን እነሱ ጋ ታገኟታላቹ። ግ የሌላቸውም ቋንቋዎች አሉ፣ ታይኛ ብና ድ ኖሮት ግ የለውም። ለምን እንደሆነ ለማየት ከንፈራቹን ገጥማቹ "ብብብብ" እያላቹ የቻላችሁትን ያህል ጎትቱ፣ ጉንጫቹ እየተነፋ ቆየት ይላል። አሁን "ግግግግ" ጎትቱ። ወዲያው ይታፈናል፣ ምክንያቱም ከምላስ ጀርባ ያለችው ክፍል ጠባብ ስለሆነች አየሩ ቶሎ ይሞላትና ጉሮሮ መርገብገብ ያቆማል። "ቅ"ን የጠቀማት ጥበት "ግ"ን ጎዳት።

ስልክና ኮምፒውተር ካላቹ

ፕራት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ፖል ቦርስማና ዴቪድ ዊኒንክ አምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ሆነው የሰሩት፣ መልኩ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው ግን አትናቁት። "ሰፊ" በሉና ቅዱ፣ ልብስ የሚሰፋውን ማለቴ ነው፣ ላላ ያለውን። ስዕሉ ላይ ፍ እንደ ዝናብ ሻሽ የሚለው ቦታ ናት። እሷን ብቻ መርጣቹ ኮፒ አድርጉና አጠገቧ ለጥፉ፣ አጫውቱ፣ ሌላ ትንሽ ለጥፉ፣ አጫውቱ። መጀመሪያ ልብስ ሰፊው ነው፣ ልብስ ሰፊው ነው፣ ልብስ ሰፊው ነው፣ ከዛ በድንገት "ሰፊ ቤት" ላይ ያለው ሰፊ ይሆናል! ርዝመቱን ያሳደጋችሁት በጥቂት በጥቂቱ ነው፣ ጆሮ ግን መሃል ሰፋሪ የሚባል አያውቅም፣ ወይ ላልቷል ወይ ጠብቋል። ለሌላ ሰው ሳትነግሩ አሰሙትና የትኛው ላይ እንደሚገለበጥ መዝግቡ፣ ሰው በሰው ትንሽ ይለያያል። እግረ መንገዳቹን ህ የጠበቀበት የአማርኛ ቃል ፈልጉ። ሁሉም ሲጠብቅ እሷና አ ብቻ አይጠብቁም፣ ፈልጋቹ ስትደክሙ ታምኑኛላቹ።

ቪዲዮ ማቀናበር የምትችሉ ከሆነ ደግሞ ጓደኛቹን "ጋ ጋ ጋ" ሲል ፊቱን ቅረጹ፣ ድምፁን አጥፉና "ባ ባ ባ" የሚል ድምፅ ከአፉ ጋ አስተካክላቹ ጫኑበት። ብዙ ሰው አይቶ "ዳ" ይላል፣ አይኑን ሲጨፍን "ባ"። ይሄን በ1976 እ.ኤ.አ. ያወጡት ማክጉርክና ማክዶናልድ ናቸው። ለልጆች ብታሳዩት አስማት ነው የሚመስላቸው፣ እኔ ራሴ እንዴት እንደሚሰራ እያወቅኩ እሸወዳለሁ።

ነፃ ዳታ ከፈለጋቹ ግን ከፌስቡክና ቴሌግራም ኮመንት የሚበልጥ የለም። አምበሳ፣ ወምበር፣ ከምፈር፣ ጦም፣ ጠጉር ብሎ የጻፈን ሰው አትሳቁበት፣ ስክሪንሾት አድርጉት፣ ጆሮው የሰማውን ነው የጻፈላቹ። ፊደል ጠንቅቆ የሚጽፍ ሰው ለዚህ ስራ አይጠቅምም።

የእህቴ ልጅ ተመልሳ ከሄደች በኋላ ድምፅ ትልክልኛለች። ቆሎ አሁን ቆሎ ነው፣ ቁርስ ቁርስ ነው፣ ጠጅም ጠጅ (አትጠጣም ግን ትላለች)። ባለፈው ሳምንት ልደቷ ነበርና እናቷ የገዛችላትን እየዘረዘረች "ቄክ ነበረ፣ ቃሜራ ነበረ" አለችኝ። አማርኛ ስታወራ ክ በሰማች ቁጥር "ተሳስቼ ነው የሰማሁት፣ ቅ መሆን አለበት" ብላ እያረመች ነው። ኦሃላ ይሄንንም ጽፎበታል፣ ሰሚ አንዳንዴ ሳያርም ያሳስታል አንዳንዴ ደግሞ ያለ ልክ አርሞ ያሳስታል ብሎ። እናቷ "ንገራት እንጂ" ትለኛለች። ቆይ፣ ገና አስራ አንድ ቃል ነው የመዘገብኩት።